የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስፔንሰር ኪምቦል እና ለጥቁሮች ተዘግቶ የኖረው የሞርሞኖች ደጅ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተገኙት ከአንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ሳንነካ በአምስት ከፍለን አሳጥረነዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ በእኛ አቆጣጠር የሆኑትን «ዓ.ም.» ብለን ለይተናቸዋል።

ጥያቄ፦ «አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሞርሞን አሉ። ቡና ስጋብዛቸው እንኳ የማይጠጡ፣ ግን በጣም ደግ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ባወቁ ቀን ‹ፕሬዚዳንት ኪምቦል ባይኖሩ ኖሮ አንተና እኔ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን መቀመጥ አንችልም ነበር፤ ለአገርህም ጾመናል› አሉኝ። እኒህ ሰው ማን ናቸው? ከምን ተነሥተውስ ነው ‹ነቢይ› እስከ መባል የደረሱት?»

መልስ፦ አዛውንቱ የሚከተሉት እምነት ሙሉ ስሙ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ2018 ጀምሮ መሪዎቿ በሙሉ ስሟ እንድትጠራ አጥብቀው ቢጠይቁም፣ «መጽሐፈ ሞርሞን» ከተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው የተገኘው አጭር መጠሪያ በአንባቢ ዘንድ ስለሚታወቅ እኛም በእሱ እንጠቀማለን። ቡናውን የተዉት መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 ባስተላለፉት ትእዛዝ ምክንያት እንጂ ግብዣዎን ንቀው አይደለም።

ፕሬዚዳንት የሚባለው የዚህች ቤተ ክርስቲያን የበላይ መሪ ነው፤ ምእመናኑም ነቢይ ይሉታል። ስፔንሰር ዉሊ ኪምቦል ማርች 28 ቀን 1895 እርስዎ አሁን በሚኖሩባት በሶልት ሌክ ሲቲ ተወለዱ። አያታቸው ሂበር ኪምቦል በ1835 ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሐዋርያት አንዱ ስለነበሩ ቤቱ ስመ ጥር ነበር፤ ስሙ ግን ምቾት አላመጣላቸውም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው አንድሩ በደቡብ ምሥራቅ አሪዞና የሚገኙትን አጥቢያዎች እንዲመሩ ስለተላኩ፣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በጊላ ወንዝ ሸለቆ ወደምትገኘው ታቸር ሄደ። ታቸር በመስኖ ካልሆነ ምንም የማይበቅልባት ደረቅ የገበሬ መንደር ነበረች። ልጁ ኪምቦል ላም ሲያልቡ፣ በእጃቸው ወተቱን እየሳቡ በአፋቸው አሥርቱን ትእዛዛትና መዝሙር ያጠኑ ነበር። በታይፎይድ ታመዋል፤ ፊታቸው ባንድ ወገን ሰንፎባቸው ያውቃል፤ ውሃ ውስጥ ሰጥመው ለጥቂት ተርፈዋል። እኅቶቻቸውን በልጅነት ቀብረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በ1906፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ የእናታቸው የኦሊቭ ሞት ነው።

በ14 ዓመታቸው የሆነ አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጠባያቸውን የሚያሳይ ይመስለናል። በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ሰባኪ «መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ እጁን ያነሣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ኪምቦል በዚያው ዕለት ማታ ቤት ገብተው፣ በጣሪያው ሥር ባለችው ክፍላቸው ኩራዝ አብርተው ከዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ጀመሩ። ንባቡን በአንድ ዓመት ጨረሱ። ያልገባቸው ክፍል ብዙ እንደነበረ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ቢሆንም አላቋረጡትም።

በ1914 ለስብከት ወደ ስዊዘርላንድና ጀርመን እንዲሄዱ ተመድበው ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለፈነዳ ወደ ሚዙሪ ተላኩ። ከተመለሱ በኋላ በ1917 በታቸር ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩትን ካሚላ አይሪንግን አገቡ። ካሚላ ተወልደው ያደጉት በሜክሲኮ በነበረ የሞርሞኖች ሰፈር ሲሆን፣ በ1912 ከአብዮቱ ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ስደተኛ ነበሩ። አራት ልጆች ወለዱ። ኪምቦል በባንክ በጸሐፊነትና በገንዘብ ከፋይነት ከሠሩ በኋላ፣ ሳፎርድ በተባለች አጎራባች ከተማ ከሸሪካቸው ጋር የመድን ዋስትናና የቤት ሽያጭ ቢሮ ከፈቱ። የሚያውቋቸው ሰዎች የሚያውቁት ቤት ሲቃጠል ወረቀቱን ይዘው የሚመጡትን፣ ለቅሶ ሲኖር ቀድመው የሚደርሱትን የመድን ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚገረምበት ነገር ይኖራል። ይህች ቤተ ክርስቲያን በአጥቢያ ደረጃ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ነገረ መለኮት የተማረ ካህን የላትም። አጥቢያውን የሚመራው ነጋዴው፣ ገበሬው ወይም መምህሩ ነው፤ ሲጠራ ያገለግላል፣ ጊዜው ሲደርስ ለሌላው አስረክቦ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ኪምቦልም እንዲሁ በጸሐፊነት ጀምረው፣ በ1938 የበርካታ አጥቢያዎች ሰብሳቢ ሆነው፣ ሥራቸውን ሳይለቁ ኖሩ። ጁላይ 8 ቀን 1943 ለምሳ ቤታቸው ገብተው ሳለ ከሶልት ሌክ ሲቲ ስልክ ተደወለ። የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጉባኤ አባል እንዲሆኑ መመረጣቸው ተነገራቸው። አለቀሱ። ቀናት ሙሉ እንቅልፍ አጡ፤ ልጃቸውን ለመጠየቅ ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር በሄዱ ጊዜ ገና ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ተራራ ወጥተው፣ ጥሪው ከእግዚአብሔር እንጂ ከዘመድ ትውውቅ አለመሆኑን እንዲያረጋግጥላቸው እያነቡ ጸለዩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን ተሾሙ፤ ያን ጊዜ 48 ዓመታቸው ነበር።

ጥያቄ፦ «አዛውንቱ ንግግራቸውን በስልካቸው አሰምተውኝ ነበር። ድምፃቸው የሻከረ፣ የሚሰማው በግድ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው እንዴት የሚሊዮኖች ሰባኪ ሆኖ ተመረጠ?»

መልስ፦ ድምፃቸው ድሮ እንዲያ አልነበረም፤ ዘማሪ ነበሩ፣ ለለቅሶና ለሠርግም ይጠሩ ነበር። በ1957 ጉሮሯቸው ውስጥ ካንሰር ተገኝቶ ኒው ዮርክ ላይ በቀዶ ሕክምና አንዱ የድምፅ አውታራቸው ሙሉ በሙሉ፣ የሌላው ደግሞ ከፊሉ ተቆርጦ ወጣ። በስብከት ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ማሰብ ያስቸግራል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ዳግመኛ በአደባባይ የተናገሩት ባደጉበት በጊላ ሸለቆ፣ ድምፃቸውን ከልጅነት ጀምሮ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነበር። እንደ ደጉ ሳምራዊ ታሪክ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደው በወንበዴዎች መካከል እንደወደቁና ወንበዴዎቹ ጉሮሯቸውን እንደቆረጧቸው ሲነግሯቸው፣ ለማልቀስ ተዘጋጅቶ የነበረው ሕዝብ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከአፋቸው አጠገብ በሚቀመጥ ትንሽ ማይክራፎን እየታገዙ ተናገሩ። ሰው እሳቸውን ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት፤ ዝምም ይል ነበር።

ስለ አመራረጡ የጠየቁት በአጭሩ የሚመለስ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲያርፍ ወንበሩን የሚወርሰው ከሐዋርያቱ መካከል በሹመት ቀዳሚ የሆነው ነው፤ ቅስቀሳም ሆነ ውድድር የለም። ኪምቦል ለዚህ ይደርሳሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም፤ ራሳቸውም አላሰቡም። ከፊታቸው የነበሩት ሃሮልድ ሊ በአራት ዓመት ያንሷቸው ነበር፤ ጤናማም ነበሩ። ኪምቦል በአንጻሩ ካንሰሩ ተመልሶባቸው፣ ልባቸውም ደክሞ፣ በ1972 ለመሞት ተሰናድተው ነበር። ያኔ ሊ ጥሪያቸው እንዲሞቱ ሳይሆን እንዲኖሩ መሆኑን በቁጣ ጭምር ስለነገሯቸው በኤፕሪል ወር የልብ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ተስማሙ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪም ራስል ኔልሰን ይባላሉ። እኒህ ሐኪም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሐዋርያ፣ በ2018 ደግሞ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንት የሆኑት ራሳቸው ናቸው። በ1973 የገና ማግሥት ሊ በድንገት አረፉ። ዲሴምበር 30 ቀን በ78 ዓመታቸው፣ በተሰፋ ልብና በተቆረጠ ጉሮሮ፣ ኪምቦል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሽማግሌው ጊዜ ጠባቂ ይሆናሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሥራውን አፋፋሙት። ጠረጴዛቸው ላይ «አድርገው» የሚል ጽሑፍ አኑረው ነበር። አቅሙ ያለው ወጣት ወንድ ሁሉ ለስብከት እንዲወጣ፣ እያንዳንዱም አገር የራሱን ልጆች እንዲልክ በ1974 አዘዙ። በ12 ዓመት ጊዜያቸው የሚስዮናውያኑ ቁጥር ከ17 ሺህ ገደማ ወደ 30 ሺህ ተጠጋ፤ ምእመናኑም ከ3.3 ሚሊዮን ተነሥተው ወደ 6 ሚሊዮን ተቃረቡ፤ 15 የነበሩት ቤተ መቅደሶች 36 ሆኑ። በፖለቲካው መስክ የሴቶችን የእኩል መብት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተቃውመው ከብዙ ሴቶች ጋር ተቀያይመዋል፤ በ1981 ደግሞ መንግሥት በዩታና በኔቫዳ በረሃ ሊተክለው የነበረውን የኒውክሌር ሚሳይል ተቃውመው አገሩን አስገርመዋል።

ጥያቄ፦ «‹አብረን መቀመጥ አንችልም ነበር› ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ነገሩስ የተለወጠው በእውነት በራእይ ነው ወይስ መንግሥትና ተቃዋሚዎች አስገድደዋቸው? እኔ እንደ ጥቁር ሰው እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆማለን፤ የኪምቦልን ስም በአፍሪካ ያስታወቀው ይህ ስለሆነ።

በመጀመሪያ ክልከላው ምን እንደነበረ በትክክል ይታወቅ። ጥቁር ሰው ተጠምቆ አባል መሆን፣ ገብቶም መቀመጥ ይችል ነበር። የተከለከለው ክህነት ነው። በእኛ አገር ክህነት የጥቂቶች ስለሆነ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። በሞርሞኖች ዘንድ ግን እንደ ደንቡ የተገኘ ወንድ ልጅ ሁሉ በዚያ ዘመን 12 ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያውን የክህነት ማዕርግ ይቀበል ነበር። ስለዚህ የአምሳ ዓመት ጥቁር አባት፣ የጎረቤቱ የ12 ዓመት ልጅ ቅዱስ ቁርባኑን ሲያድል እያየ፣ እሱ ግን የገዛ ልጁን እጁን ጭኖ መባረክ አይፈቀድለትም ነበር። ጥቁር ሴቶችም ጭምር ወደ ቤተ መቅደስ ገብተው ባልና ሚስትን ለዘላለም ያስተሳስራል ብለው የሚያምኑበትን ሥርዓት መፈጸም አይችሉም ነበር። ክልከላው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለውን ሁሉ ይመለከት ስለነበር፣ እርስዎም ሆኑ እኛ ከዚያ ውጭ አንሆንም ነበር።

ይህ ደግሞ ከመሥራቹ ዘመን የመጣ አይደለም። ኢላይጃ ኤብል የተባሉ ጥቁር ሰው በ1836፣ ጆሴፍ ስሚዝ በሕይወት ሳሉ ክህነት ተቀብለው ነበር። ደጁን የዘጉት ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግ ናቸው፤ በ1852 በዩታ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ፊት አወጁት። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰባኪዎች፣ ጥቁሮች የቃየን ዘር ናቸው የሚል፣ ወይም ከመወለዳቸው በፊት በሰማይ አጥፍተዋል የሚል ምክንያት እየደረቡበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እነዚያን ምክንያቶች ሁሉ እንደማትቀበላቸው በግልጽ ጽፋ ያወጣችው በዲሴምበር 2013 ነው። የሥራ ባልደረባዎ ታሪኩን የጀመሩት ደጁ ከተከፈተበት ነው፤ እኛ ግን የዘጋው ሰው እጅም መታየት አለበት እንላለን።

ኪምቦል ይህን ክልከላ ከጡት ጋር የጠቡት ሰው ነበሩ። በሚያስተዳድሯት ቤተ ክርስቲያን ላይ ግን ከሁለት ወገን ጥያቄ መጣባት። አንደኛው ከብራዚል ነው። በ1975 በሳን ፓውሎ ቤተ መቅደስ እንደሚሠራ ሲያስታውቁ፣ ነጩ፣ ጥቁሩና የአገሬው ተወላጅ ለዘመናት በተጋባበት አገር ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የሚለይ ሰው ከየት ይገኛል? በዚያ ሄልቬሲዮ ማርቲንስ የሚባሉ ጥቁር የንግድ ሥራ ኃላፊ ነበሩ። በ1972 ከነቤተሰባቸው ተጠምቀው፣ እንደማይገቡበት እያወቁ ለሕንጻው ሥራ ይደክሙ ነበር። በ1977 የማዕዘን ድንጋዩ ሲጣል ኪምቦል ጠርተዋቸው በታማኝነት እንዲጸኑ ነገሯቸው፤ ሌላ ተስፋ አልሰጧቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። በጋናና በናይጄሪያ መጽሐፈ ሞርሞን እጃቸው የገባ ሰዎች ማንም ሳይሰብካቸው ጉባኤ መሥርተው፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም በበራቸው ላይ ጽፈው፣ ሰባኪ ላኩልን እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። በ1963 ሚስዮናውያን ለመላክ ታስቦ ሳለ፣ ካሊፎርኒያ ይማር የነበረ አንድ ናይጄሪያዊ ስለ ክልከላው ሰምቶ በአገሩ ጋዜጣ ስለጻፈ መንግሥት ቪዛ ከለከለ። ተማሪው ያደረገው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። በደብዳቤዎቹ መልስ የጠበቁት ግን 15 ዓመት ተጨማሪ ቆዩ፤ ታሪኩ ሲነገር የእነሱ ትዕግሥት የሚዘለል ከሆነ ግማሹ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ኪምቦል ጉዳዩን በቢሮ ስብሰባ አልጨረሱትም። ሐዋርያቱን አንድ በአንድ እየጠሩ አነጋገሩ፤ የታሪክ ማስረጃ አስፈለጉ። ማታ ማታና በዕረፍት ቀን፣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ብቻቸውን ወደ ሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ላይኛው ክፍል እየወጡ ሰዓታት በጸሎት ያሳልፉ ነበር። በዚያ ሲታገሉ የነበሩት ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን በአብዛኛው ከራሳቸው ጋር እንደነበረ በኦክቶበር ወር 1978 ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሲናገሩ ገልጸዋል። ያደጉት በዚያ አስተሳሰብ እንደነበረና፣ መልሱ «ይቅር» ቢሆን ኖሮ ክልከላውን እስኪሞቱ ለመጠበቅ ቆርጠው እንደነበረ አልሸሸጉም።

ሐሙስ ጁን 1 ቀን 1978 በቤተ መቅደሱ ውስጥ ወርኃዊው ስብሰባ ሲያልቅ ሌሎቹን አሰናብተው፣ ሁለቱ አማካሪዎቻቸውና አሥር ሐዋርያት እንዲቆዩ ጠየቁ። ሁሉም ጾመው የመጡ ነበሩ፤ ጾሙን ሳይፈቱ እንዲቀጥሉ ለመኗቸው። የእያንዳንዱን አሳብ ከሰሙ በኋላ በመሠዊያው ዙሪያ ሆነው ኪምቦል በዚያ በተቆረጠ ድምፃቸው ጸለዩ። በክፍሉ የነበሩት ሰዎች በየፊናቸው በተዉት ምስክርነት፣ በዚያች ሰዓት አንድ ዓይነት መንፈሳዊ ኃይል ሁሉንም በአንድነት እንደነካቸው ይናገራሉ፤ የታየ መልአክም ሆነ የተሰማ ድምፅ እንደነበረ ግን ከመካከላቸው ኪምቦል አልተናገሩም። ጁን 9 ቀን በወጣው ደብዳቤ፣ የተገባው ወንድ አባል ሁሉ ዘርና ቀለም ሳይለይ ክህነት ሊሰጠው እንደሚችል ታወጀ፤ በሴፕቴምበር 30 ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ተቀብሎ ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው ጋር ደመረው።

ዜናው በሬዲዮ ተሰማ። በጋና ኬፕ ኮስት ከ1964 ጀምሮ ጉባኤ ሲመሩ የነበሩት ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን እንዲሁ በሬዲዮ ሰምተው እንዳለቀሱ ተናግረዋል። በኖቬምበር ሚስዮናውያን ናይጄሪያ ሲደርሱ፣ አንቶኒ ኦቢና የተባሉ መምህር ዓመታት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው ነበርና ኖቬምበር 21 ቀን ከወገኖቻቸው ሁሉ ቀድመው ተጠመቁ። ማርቲንስም በብራዚል ክህነት ተቀበሉ፤ በ1990 በቤተ ክርስቲያኒቱ አጠቃላይ አመራር ውስጥ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነዋል።

እንግዲህ ራእይ ነው ወይስ ግፊት ለሚለው፣ ራእዩን ማመንና አለማመን የአማኙ ድርሻ ነው። ግፊቱን በተመለከተ ግን ታሪኩ የሚናገረው አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሞርሞኖችን የስፖርት ቡድን ላለመግጠም የተነሣው ተቃውሞ የበረታው በ1968 እና በ1970 መካከል ነበር፤ በ1978 በርዶ ነበር። መንግሥት ግብር እጥልባችኋለሁ ብሎ አስገደዳቸው የሚባለው ወሬ ማስረጃ የለውም። ይልቅ ጠንክሮ የገፋቸው በብራዚል የሚነሣው ግድግዳና ከአፍሪካ የሚመጣው ፖስታ ይመስለናል። አንድ ጉድለት ግን አለ፤ አዋጁ ክልከላውን አነሣ እንጂ ለምን እንደነበረ አላስረዳም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። 126 ዓመት በር ላይ ለቆመ ሰው «ግባ» ብቻ ማለት አይበቃም ነበር፤ ይህን ኪምቦልን እያከበርን የምንለው ነው።

ጥያቄ፦ «ናቫሆ የሆነ ጎረቤቴ ግን ስማቸው ሲነሣ ፊቱን ያዞራል። ምክንያቱን ጠይቄው ‹እናቴን ጠይቃት› ብሎ ዝም አለኝ።»

መልስ፦ ጎረቤትዎ ምክንያት አላቸው። ናቫሆዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ከ1946 ጀምሮ ኪምቦል የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ጉዳይ እንዲከታተሉ ተመድበው ነበር። በዚያ ዘመን ለናቫሆዎች የተቆረቆረ ባለሥልጣን እምብዛም አልነበረም፤ እሳቸው ግን በበረዶ ጊዜ ሳይቀር ወደ ሰፈራቸው እየሄዱ ረሃቡን አይተው፣ በስብከታቸው ነጮቹን ምእመናን ስለ ንቀታቸው ወቅሰዋል። በ1954 በይፋ የተጀመረው መርሐ ግብር ግን ከዚሁ ቅንነት የወጣ ሆኖ ሳለ ብዙዎችን ጎድቷል። ልጆቹ ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ የትምህርቱን ዓመት በሙሉ በነጭ ሞርሞን ቤተሰቦች ቤት ያሳልፉ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያለፉበት ይህ መርሐ ግብር እስከ 2000 ገደማ ቆየ። ከእነሱ መካከል ተምረን ሰው ሆንን ብለው የሚያመሰግኑ አሉ፤ ቋንቋችንንና እናታችንን አጣን የሚሉም አሉ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በተቀመጡበት ቤት በደል ደርሶብናል ያሉ ሰዎች ክስ አቅርበዋል። ኪምቦል በ1960 በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ልጆቹ በነጭ ቤት ሲያድጉ ቆዳቸው እየነጣ መምጣቱን እንደ በጎ ምልክት ቆጥረው ተናግረዋል። ይህ ንግግር ዛሬም ሲነበብ ያማል፤ ልጁን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በአውቶቡስ ለሸኘች እናት ደግሞ የበለጠ ያማል።

ጥያቄ፦ «‹ለአገርህ ጾመናል› ያሉት እውነት ነው? አባቴ በ77ቱ ድርቅ በወሎ የእርዳታ ስንዴ ከተቀበሉት አንዱ ነበሩ። ያ ስንዴ ከእነሱ የመጣ ነበር ማለት ነው?»

መልስ፦ ጾሙ እውነት ነው። ሞርሞኖች በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ያህል ከምግብና ከውሃ ይከለከላሉ፤ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ለድኃ ይሰጣሉ። ጾምና ምጽዋት ተለያይተው አያውቁም ብሎ ላደገ የእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። በ1984 መጨረሻ የኢትዮጵያ ረሃብ በቴሌቪዥን ዓለምን ሲያስለቅስ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቀዳሚ አመራር በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ምእመናን ከወርኃዊው ሌላ አንድ ተጨማሪ እሑድ እንዲጾሙ ጠየቀ። ቀኑ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። ገንዘቡ የተረጂው ሃይማኖት ሳይጠየቅ እንዲውል ተወስኖ፣ ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ የተባሉ ሁለት ኃላፊዎች በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ሁኔታውን ተመልክተዋል። ከዚያ ቀደም የቤተ ክርስቲያኒቱ እርዳታ በአመዛኙ ለራሷ አባላት ነበር፤ ዛሬ በመላው ዓለም የምታካሂደው የሰብአዊ እርዳታ ሥራ መነሻው ይህ የኢትዮጵያ ጾም መሆኑን ራሷ ትናገራለች።

የኪምቦል ድርሻ ምን ያህል ነበር ለሚለው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥሪው የወጣው እሳቸው በሚመሩት አመራር ስም ነው። ይሁንና በ1979 እና በ1981 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ አቅማቸው ከድቷቸው፣ የዕለት ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት በ1981 ተጨማሪ አማካሪ አድርገው የሾሟቸው ጎርደን ሂንክሊ ነበሩ። በ1985 በኦገስት ወር በጆሃንስበርግ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ሲመረቅም በቦታው የተገኙት ሂንክሊ ናቸው። ኪምቦል ኖቬምበር 5 ቀን 1985 በ90 ዓመታቸው አረፉ። በ1943 በአንድ ቀን ከእሳቸው ቀጥለው ሐዋርያ ሆነው የተሾሙት ኢዝራ ታፍት ቤንሰን ወንበሩን ወረሱ።

የአባትዎን ስንዴ በተመለከተ፣ ገንዘቡ በብዛት የተላለፈው እንደ ቀይ መስቀልና እንደ ካቶሊክ የእርዳታ አገልግሎት ባሉ፣ አገር ውስጥ አስቀድመው በነበሩ ድርጅቶች በኩል ስለሆነ፣ አንዱን ጆንያ ከሌላው ለይቶ «ይህ የእነሱ ነው» ማለት አይቻልም። አባትዎ ጆንያው ላይ የሞርሞኖችን ስም አላየሁም ቢሉዎ አይድነቅዎ። የሥራ ባልደረባዎን ግን በዚያ እሑድ የት እንደነበሩ ይጠይቋቸው፤ እኛ ጋ ጥምቀት ካለፈ ስምንተኛው ቀን ነበር። ነገሩን ያነሡት «ጾመናል» ብለው ስለሆነ፣ ከጾሙት አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም።